ሼፌ ላውረንቲኖና ቦርሳ ያዘሉት እንግዶች

ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ከባውካው ቁልቁል የሚወርደው የጭነት መኪና ላውረንቲኖ በር ላይ ሲቆም፣ ከሩዝ ጆንያዎችና ከሁለት ፍየሎች መሐል ሁለት ማላኤዎች ብድግ አሉ። በቲሞር ከባሕር ማዶ የመጣ ሁሉ ማላኤ ነው። ግን ማላኤ ሲባል መኪና አለው፣ ሾፌር አለው፣ የመኪናው በር ላይ የድርጅቱ ዓርማ አለው። እነዚህ ጓዛቸውን ጠቅልለው ጀርባቸው ላይ አዝለዋል። ወንዱ ሲወርድ ቦርሳው ወደ ኋላ ጎትቶት በጀርባው ሊወድቅ ለትንሽ ተረፈ። ከፍየሎቹ አንዷ ሰልችቷት ቀድማው ወረደች።

ላውረንቲኖ ከበረንዳው ወንበር አልተነሣም።

"ጦርነት ሸሽተው ነው?" አለ ለሚስቱ።

"እንግዶች ናቸው፤ ተነሥ" አለችው ዙልሚራ። "ሁለት ወር ሙሉ አራቱ የእንግዳ ክፍል ውስጥ ያደረው አይጥ ብቻ ነው።"

ወንዱ ቶቢ ይባላል። ረጅም፣ ሲስቅ ድዱ የሚታይ፣ ፀሐይ አፍንጫውን የላጠችው ጎረምሳ ነው። ገና ቦርሳውን ሳያወርድ የበረንዳውን ምሰሶ፣ የዙልሚራን እናት ጥቁር ጥርስ፣ የቆመውን ውሻ ፎቶ አነሣ። ሴቷ ኦርላ ናት፤ አጭር፣ ጸጉሯ ቀይ፣ ንግግር የማታበዛ። እሷ ቀና ብላ "ትንሽ ውሃ ይኖራል?" ስትል ላውረንቲኖ ክው አለ።

አነጋገሩን ያውቀዋል። ዘጠኝ ዓመት በዚህ አነጋገር ሲቆጡት፣ ሲቀልዱበት፣ አውቶቡስ ላይ ደህና አደርክ ሲሉት ኖሯል። ይህቺ ልጅ ከሰሜን አየርላንድ፣ ያውም ከዚያችው ዝናብ ከማያጣት ከተማ ካልሆነች ጆሮው ይቆረጥ።

ወዲያው በአገሩ ቋንቋ በቴቱም ወደ ሚስቱና ወደ ልጁ ዞረ። "እንግሊዝኛ አይችልም በሏቸው። የሚያወሩትን ልስማ።"

ልጁ ኤልቪራ ሳቀች። ሃያ ዓመቷ ነው። ዋና ከተማው ዲሊ ሁለት ዓመት እንግሊዝኛ ተምራለች፤ አባቷም ሰው ላይ መቀለድ እንደሚወድ ታውቃለች። "ይቅርታ አድርጉለት፣ አባቴ አንዲት ቃል አይችልም" አለቻቸው፣ ሳቋን እየዋጠች።

መንደሩ ላውረንቲኖን "ሼፌ" ይለዋል፤ አለቃ ማለት ነው። ስሙን ያወጣው እሱ ራሱ ነው። ከአየርላንድ ሲመለስ ትልቅ የዶሮ ፋብሪካ ቢሮ ውስጥ አለቃ ነበርኩ አለ፤ በከረባት ሆኖ ከጠረጴዛ ኋላ የተቀመጠበትን ፎቶ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ሰቀለ፤ አለቀ። ከዚያ አገር የተመለሰ ቲሞራዊ ሁሉ አለቃ ነበር። ዶሮውን ማን ሲሰቅል እንደኖረ የጠየቀ ሰው የለም።

ላውረንቲኖ ነበር የሚሰቅለው። ዶሮዎቹ እንዳይደነግጡ ተብሎ ሰማያዊ መብራት ብቻ በሚበራበት ክፍል፣ ከነነፍሳቸው የሚመጡትን ሁለት እግራቸውን እየያዘ በሚሮጥ መንጠቆ ላይ ገልብጦ ይሰቅላል። ላባቸውን ይተነፍሳል፣ ኩሳቸውን ይጠርጋል፣ ይሰቅላል። ፎቶውን የተነሣው የስንብት ወረቀቱን ለመፈረም ቢሮ የገባ ቀን ነው፤ ከረባቱ የጓደኛው ነበር። ቀኝ ክንዱ ዛሬ ከጆሮው በላይ አይወጣም። ለመንደሩ "የኮምፒውተር በሽታ ነው" ብሏል፤ መንደሩም በአክብሮት አዝኖለታል።

ይህ ሁሉ ማንንም ባልጎዳ ነበር፣ ኤልቪራ ባትነሣ። ኤልቪራ ማክሰኞ ትበራለች። ወደዚያችው ከተማ፣ ወደዚያው ፋብሪካ። የዘንባባ ጠጅ ሞቅ ባደረገው አንድ ምሽት "ስሜን ብቻ ጥሪላቸው፤ ወንበር ስበው ያስቀምጡሻል" ያላት ራሱ ነው። ልጅቷ አመነችው። ፓስፖርቷን አወጣች፣ ቲኬቷን ቆረጠች፣ ለቢሮ ይሆናል ብላ ነጭ ሸሚዝ አሰፋች። እሑድ የመሸኛ ግብዣዋ ነው። ላውረንቲኖ አንድ ወር ሙሉ ዛሬ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ ሲል ምላሱ እየተሳሰረ እዚህ ደርሷል። ከማክሰኞ በፊት ካልነገራት፣ በሁለተኛው ሳምንት ሰማያዊው ክፍል ውስጥ ቆማ እውነቱን ከዶሮ ትሰማለች።

በዚህ መሐል ነው እነዚህ ሁለቱ ቦርሳቸውን አዝለው የመጡበት።

ሐሙስ ማታ ማላኤዎቹ በረንዳ ላይ ሲበሉ ላውረንቲኖ መረቡን ይዞ ጥግ ተቀመጠና ጆሮውን ጣለ። ዙልሚራ በዘንባባ ቅጠል የተጠበሰ ዓሣ በኮምጣጣው የተምር ሂንዲ ፍሬ አቅርባላቸዋለች። ቶቢ ዓሣውን ገፋ አደረገው።

"ፊት ያለው ነገር አልበላም" አለ።

ኤልቪራ ተረጎመችው። ዙልሚራ ዓሣውን አገላብጣ አየች። "ፊቱን እቆርጥለታለሁ በይው" አለች።

በመጨረሻ ከዱባና ከባቄላ ጋር የተቀቀለ የበቆሎ ንፍሮ መጣለት። እስኪቀዘቅዝ ፎቶ አነሣው፤ ከዚያ ቀዘቀዘ አለ።

"ገብቶሻል ግን?" አለ ለኦርላ፣ እጁን ወደ ባሕሩ እየዘረጋ። "እዚህ ማንም መጥቶ አያውቅም። ማንም።"

ላውረንቲኖ ክሩን በጥርሱ በጠሰ። ማንም። ፖርቱጋሎቹ መጥተው አራት መቶ ዓመት ቆዩ፣ ጃፓኖቹ መጥተው የአያቱን ጎሾች በሉ፣ ኢንዶኔዥያ መጥታ ሃያ አራት ዓመት ተቀመጠች። ይሄ ልጅ ግን ቦርሳ አዝሎ ከፍየል ጋር ስለወረደ አገሪቱን ያገኛት እሱ ነው።

"ሽማግሌውን እዪው" ቀጠለ ቶቢ። ላውረንቲኖ ገና ኀምሳ አልሞላውም። "ከዚህ ኮረብታ አልፎ የሚያውቅ አይመስለኝም። ግን ምን ጎደለው? መረብ አለው፣ ባሕር አለው፣ ዶሮ አለው። የታመምነው እኛ ነን።"

"ጠይቀኸዋል?" አለች ኦርላ።

"ፊቱን እዪዋ። እንዲህ ያለ እርጋታ አይተሽ ታውቂያለሽ?"

ላውረንቲኖ በእርጋታ መረቡን አጠፈና ወጥ ቤት ገባ። እዚያ ሚስቱ፣ አማቱና ልጁ ይጠብቁታል። በወንበር ላይ ቆሞ ድዱን አሳይቶ እጁን ወደ ባሕር ዘረጋ፤ "ማንም መጥቶ አያውቅም" አለ በቶቢ ድምፅ። ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። አማቱ የምታኝከው ቅጠል ትን ብሏት ጀርባዋን መቱላት።

"ልጅቷስ? እሷ ምን አለች?" አለች ዙልሚራ እንባዋን እየጠረገች።

"እሷማ ምን ታውቃለች። ከኋላ ከኋላው የምትከተል ናት" አለ። ስለ አነጋገሯ ትንፍሽ አላለም። በልቡ ግን ከቶቢ ይልቅ የሚፈራት እሷን ነበር፤ የሚፈሩትን መናቅ ደግሞ ይቀላል።

ዓርብ ቀኑን ሙሉ ለንቀቱ ቀለብ አላጣም። ቶቢ ከወገቡ በላይ ራቁቱን በቤተ ክርስቲያኑ በር አልፎ መቁጠሪያ የያዙ አሮጊቶችን ፊታቸውን አስዞረ። ጎሽ የሚጠጣበትን ኩሬ ጠጥቶ "የተራራ ውሃ" አለና ከሰዓት በኋላ አራት ጊዜ ወደ ሽንት ቤት ሮጠ። ሮጦ በተመለሰ ቁጥር ማስታወሻ ደብተሩን ያወጣል። ላውረንቲኖ እንዳየው ሆዱ ስንት ጊዜ እንደተላወሰ እንኳ በቁጥር ይጽፋል። ሰው ይህን ለመጻፍ ግማሽ ዓለም ያቋርጣል?

"ሆዱ እኮ ባዕድ አገር ነው ያለው፤ እዘንለት" አለችው ዙልሚራ።

"እኔ ባዕድ አገር ስሄድ ማን አዘነልኝ?" አለ፤ ቶሎ ብሎ ደግሞ "ቢሮ ውስጥ ቢሆንም" ብሎ ጨመረ።

ኦርላ ግን አልተመቸችውም። ሳህኗን ራሷ ታጥባለች። ቦርሳዋን ማንም እንዲይዝላት አትፈቅድም። አማቱ አጠገብ ቁጭ ብላ ባቄላ ትፈለፍላለች፤ ለመናቅ የሚያዝ ቦታ የላትም። ኤልቪራም በአንድ ቀን ሙጭጭ ብላባታለች፤ እንደ ታላቅ እህት "ማና ኦርላ፣ ማና ኦርላ" ትላታለች።

ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ልብስ ሊያጥቡ ከመስኮቱ ሥር ተቀመጡ። ላውረንቲኖ ከመስኮቱ ወዲያ ሳሎን ውስጥ ለግብዣው አግዳሚ ወንበር እየመታ ነበር።

"እኔ ማክሰኞ እበራለሁ" አለች ኤልቪራ በእንግሊዝኛዋ፣ ከዚያም የከተማዋን ስም ጠራች።

ኦርላ ማሸቷን አቆመች። "ቀልድሽን ነው። እኔ እዚያ ነው የተወለድኩት።"

"ማና፣ እውነትሽን ነው? አባቴ እኮ እዚያ ነው የሠራው። በትልቁ የዶሮ ፋብሪካ።"

"በፋብሪካው" አለች ኦርላ ቀስ ብላ።

"ቢሮ ውስጥ። አለቃ ነበር። ፎቶውን አላየሽውም? እኔም ቢሮ ነው የምገባው።"

ላውረንቲኖ ሚስማሩን ስቶ አውራ ጣቱን መታ። ኦርላ በመስኮቱ ወደ ሳሎን፣ ወደ ግድግዳው አየች፤ ረዘም አድርጋ አየች። ግን እንግሊዝኛ አይችልም ተብሏል፤ እዚያ ዘጠኝ ዓመት አለቃ የነበረ ሰው አንዲት ቃል አይችልም። ላውረንቲኖ ውሸቶቹ እርስ በርሳቸው ሲጋጩ ታየውና ላብ አጠመቀው።

ኤልቪራም ሁለቱ ነገር አብሮ እንደማይሄድ ያኔ ገባትና ሳቀች። "እውነቱን ልንገርሽ፣ ይችላል። እናንተ ስታወሩ ለመስማት ነው። ክፋት የለውም፤ ሰው ማሳቅ ይወዳል።"

"አሃ" አለች ኦርላ። አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። ሸሚዙን እንደገና ማሸት ጀመረች። "ከባድ ብርድ ነው ያለው" አለች። "ጥሩ ጫማ ያዢ። ውሃ የማያስገባ።"

ይኸው ነው። ላውረንቲኖ ለዚህ ዝምታዋ ሊያመሰግናት ይገባ ነበር፤ ግን ጠላት። የማታውቀው ሰው ሲያዝንልህ ከመናቅም ይብሳል። ያን ጊዜ መዶሻውን ጥሎ ልጁን ጠርቶ ቢነግራት ያልቅ ነበር። እሱ ግን ተነሥቶ ወጣ፤ ሁለተኛውን ወንበር ይዞ ተመለሰና መምታት ጀመረ።

ማታ ለሚስቱ "ነገ ይሂዱ። ክፍሉ ከሎስፓሎስ ከተማ ለሚመጡት አክስቶች ይፈለጋል በያቸው" አላት።

"ለእሑድ ጠርቻቸዋለሁ" አለች ዙልሚራ። "ማላኤ ያለበት ግብዣ ያምራል። ደግሞ ምን አደረጉህ? ሁለት ቀን ሙሉ ያሳቁህ እነሱ አይደሉ?"

አልጋው ላይ ጀርባውን ሰጣት።

ቅዳሜ ዙልሚራ ከገበያ አሥራ ሁለት ዶሮ አመጣች። አራት አራቱን እግራቸውን በገመድ ጠፍራ ከተምር ሂንዲው ዛፍ ጥላ ሥር አጋደመቻቸውና ድስት ልትዋስ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። "እስክመለስ ዕረዳቸው አልልህም፤ አውቅሃለሁ" አለችው ስትወጣ። ላውረንቲኖ ከተመለሰ ስድስት ዓመቱ ነው፤ በነዚያ ዓመታት አንድ ዶሮ በእጁ ነክቶ አያውቅም። ይሸተኛል ይላል። አለቃ ነበርና ማንም አልገረመውም።

ቶቢ ዶሮዎቹን ያያቸው ከሽንት ቤት ሲመለስ ነው። ቆመ። ተንበረከከ። "ኦርላ፣ ነይ እዪ፤ እግራቸው ደም አይዞርም" አለ። ኦርላ ገላዋን ትታጠብ ስለነበር አልሰማችውም። ላውረንቲኖ ከበረንዳው ያያል፤ ልጁ አሁን ደግሞ ፎቶ ሊያነሣ ነው ብሎ ተወው። ቶቢ ከኪሱ አሥራ ምናምን ስለት ያለው ቢላዋ አወጣ፤ ሁለቱን ስለት ሞክሮ ሦስተኛው ቆረጠለት። ገመዱን በጠሰ። ቀጥሎ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን።

"ሂዱ" አላቸው በደግነት።

ሄዱ። አሥራ ሁለት ዶሮ ባንዴ ከቤቱ ሥር፣ ከቁልቋሉ አጥር ውስጥ፣ ከወጥ ቤቱ እንጨት ኋላ ገባ። አማቱ እየተራገመች የእግሯን ጫማ ወረወረች። ኤልቪራ ቅርጫት ይዛ ወጣች፤ ወደ አንዷ ስትሮጥ ሁለት አለፏት። ቶቢ ቢላዋውን ይዞ በፈገግታ ቆሟል። ፈገግታው ቀስ በቀስ ጠፋ፤ አማቱ ሁለተኛውን ጫማ የወረወረችው ወደ እሱ ነበርና።

"ይቺ እኮ የሰው ምሳ ናት" አለችው በቴቱም፤ "የልጄ ልጅ መሸኛ ናት። አንተ ፊት የሌለህ።"

የላውረንቲኖ ደሙ ፈላ። የሁለት ቀን ንቀት፣ የአንድ ወር ፍርሃት ተደራርቦ ከወንበሩ አስነሣው። ይሄ ሞኝ፣ ይሄ ገና እናቱ ልብሱን የምታጥብለት ልጅ፣ ዶሮ ሊያዝንለት ነው። በሦስት እርምጃ ከበረንዳው ወረደ።

አላባረራቸውም። ጎንበስ ብሎ ከኋላቸው መጣ። ሁለት እጁን ዝቅ አድርጎ ሁለት እግር ባንዴ ያዘ፣ አውራ ጣቱን ከሥር አስገባ፣ አንዴ ገለበጠ፣ ደረቷን ጭኑ ላይ አስደገፋት። ዶሮዋ ድምፅዋን አጠፋች። ዓሣ የሚደርቅበት ረጅም አግዳሚ በአጠገቡ ነበር፤ በላዩ ላይ የእንጨት ባላዎች ተደርድረዋል። እግሯን ባላው ውስጥ ሻጥ አደረገና ሳያያት ወደሚቀጥለው ዞረ። ከዚያ ግራና ቀኝ አንዳንድ ይዞ መጣ። ከእንጨቱ ኋላ ሁለት፣ ከቤቱ ሥር ሦስት። እጁ ራሱ ያውቃል፤ ዓይኑ ሌላ ቦታ ነው። ያዘ፣ ገለበጠ፣ ሰቀለ። የታመመውን ትከሻ እንኳ እንዴት እንደሚሸውደው እጁ ያውቃል። አንዷ ተምር ሂንዲው ላይ ወጥታ አመለጠች። የቀሩት አሥራ አንዱ በእኩል ርቀት፣ ፊታቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ አድርገው፣ ጸጥ ብለው ተንጠልጥለዋል።

ኤልቪራ ባዶ ቅርጫቷን እንደያዘች ቀርታለች። አባቷ ዶሮ ሲነካ ስታይ የመጀመሪያዋ ነው።

ኦርላ እርጥብ ጸጉሯን በፎጣ ጠቅልላ በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም አይታለች። ቀኝ እጇ ሳታዝዘው አውራ ጣቷን ወደ ውስጥ አጥፏል። ቀስ ብላ ወርዳ ወደ ላውረንቲኖ መጣችና በራሷ አነጋገር፣ ሠራተኛ ሠራተኛን እንደሚጠይቀው፣ ጠየቀችው።

"የቀን ፈረቃ ነበርክ የሌሊት?"

"የሌሊት" አላት።

ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው የሰማው። በእንግሊዝኛ ነበር፤ በዚያችው ከተማ አነጋገር።

ቶቢ አፉን ከፈተ። ሁለቱን ቀን ወደ ኋላ ሲቆጥር፣ በረንዳው ላይ ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ ሲያስታውስ ፊቱ ላይ ይታያል። "እሱ... ይችላል እንዴ? ሁሉንም?" አለ።

"ያን ኮረብታ አልፌ ነበር" አለው ላውረንቲኖ። "ትንሽ።"

"ዝም በል ቶቢ" አለች ኦርላ፣ ቶቢ ምንም ሳይል። ዓይኗ ላውረንቲኖ ላይ ነው። "እኔ ስድስት ሳምንት ሠርቻለሁ፣ ተማሪ ሆኜ። ማንኪያ መያዝ አቅቶኝ እናቴ ታጎርሰኝ ነበር። አንተ ስንት?"

ፊቷ ላይ ንቀት ፈለገ፤ ቢያገኝ ደስ ባለው፤ መልስ ነበረው። አላገኘም።

"ዘጠኝ ዓመት።"

ኦርላ ፎጣዋን ከጭንቅላቷ አወረደች።

"አፓ" አለች ኤልቪራ ከኋላው። አባቷን ስትጠራ እንዲህ ነው። "ቢሮ ሌሊት ይሠራል እንዴ?"

ዞረ። ልጁ ቅርጫቱን መሬት አስቀምጣለች። አንድ ወር ሙሉ ያዘጋጀው ንግግር ነበረው፤ ስለ ብርዱ፣ ስለ ብቸኝነቱ፣ ሰው ለቤተሰቡ ሲል ስለሚዋሸው ውሸት። አንዱም አልመጣለትም።

"ቢሮ የለም" አላት። "ወንበርም የለም። ስሜን ብትጠሪላቸው የሚያውቅ የለም፤ በቁጥር ነበር የሚጠሩኝ። ያየሽውን ነበር የምሠራው። ከማታ እስከ ንጋት፣ በየቀኑ። ትከሻዬም የኮምፒውተር አይደለም።"

"ማክሰኞ ሳልሄድ ልትነግረኝ ነበር?"

"አዎ" አለ። ቆይቶ፣ "አላውቅም" አለ።

ታለቅሳለች ብሎ ጠበቀ። አላለቀሰችም። ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው፤ እሱ ሁለት ቀን ሙሉ ቶቢን እንዳየው አድርጋ። ያቺን አተያይ የት እንደተማረቻት ያውቃል።

"ወጥ ቤት ውስጥ ወንበር ላይ ቆመህ በእነዚህ ሰዎች ታሾፋለህ" አለች። "ቢያንስ እሱ የሚያስበውን ነው የሚያወራው።"

"ኤልቪራ..."

"እኔ ወንበር ፍለጋ አልነበረም የተነሣሁት። ወንበር ያልከኝ አንተ ነህ። ዶሮ ነው ብትለኝ ዶሮ ነው ብዬ እሄድ ነበር፤ ወይም አልሄድም ነበር። ሁለቱንም ቀማኸኝ።"

አማቱ ይህን ሁሉ ቁጭ ብላ ሰማች። ጫማዋን እንዲያቀብላት ለቶቢ በእጇ ምልክት ሰጠችው፤ ቶቢም ሁለቱንም ሮጦ አመጣላት። በሁለት ቀን ውስጥ የመጀመሪያው ረብ ያለው ሥራው ነው።

ኤልቪራ ከአባቷ ዞር ብላ ወደ አግዳሚው ሄደች። የመጀመሪያዋን ዶሮ ከባላው አወረደች፤ ዶሮዋ ክንፏን አርገፍግፋ ፊቷን በላባ መታቻት። "ማና ኦርላ" አለች በእንግሊዝኛ፣ "እንዴት ነው የሚያዘው? እጅ እንዳይጎዳ አድርጎ።"

ኦርላ ላውረንቲኖን አየች። እሱ መሬት መሬት ያያል። "እኔ ጎበዝ አልነበርኩም" አለች፣ ግን መጣች። የኤልቪራን እጅ ይዛ ጣቶቿን በእግሮቹ ላይ አዞረች፣ የእጅ አንጓዋን ጠምዝዛ ወደ ላይ አሳየቻት። ኤልቪራ ሞከረች። ዶሮዋ አመለጠቻትና አያቷ እግር ሥር ያዟት።

ላውረንቲኖ ቆሞ አየ። የኦርላ አያያዝ ስሕተት ነው። ስድስት ሳምንት የሠራ ሰው አያያዝ ነው፤ በሰባተኛው ሳምንት አንጓውን የሚጨርስ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንደዚህ የያዙትን ሁሉ ሲሸኝ ኖሯል፤ እጃቸውን በጨርቅ አስረው በሩ ላይ ይሰናበቱት ነበር።

"እንደሱ አይደለም" አለ።

ማንም አልዞረም። ተጠግቶ ዶሮዋን ከኤልቪራ እጅ ወሰደ።

"ይቺ ልጅ እጅሽን ልታስቆርጥሽ ነው" አላት በቴቱም፣ ድምፁ ውስጥ አሁንም ለኦርላ ትንሽ ንቀት አለ፤ እሱን መተው አልቻለም። "ከአንጓሽ አይደለም። አንጓሽ አይንቀሳቀስ። ከትከሻሽ አምጪው። አውራ ጣት ከሥር፣ እንዲህ። ደረቷን ጭንሽ ላይ አስደግፊ፤ ሲጨልምባት ዝም ትላለች። አሁን አንሺ።"

አነሣች። ዶሮዋ ዝም አለች። እግሯ ባላው ውስጥ ገባ።

"ሁለተኛዋን።"

ሁለተኛዋን አወረደች፣ ገለበጠች፣ ሰቀለች። ሦስተኛዋን። አባቷ ክርኗን ከሥር በሁለት ጣቱ ደግፎ አብሮ ይሄዳል፤ ሲበዛባት ዝቅ ያደርጋል፣ ሲጎድል ከፍ ያደርጋል። እስከ ጆሮው ድረስ ሲደርስ የራሱ እጅ ይቆማል፣ የእሷ ብቻ ይቀጥላል። ያን ጊዜ አየችው፤ የት እንደሚቆም አየችው። ቶቢ ምን እያደረጉ እንደሆነ ጠየቀ። የመለሰለት የለም።

አሥራ አንደኛዋን ሰቅላ ግንባሯን በክንዷ ጠረገች። ከመጀመሪያዋ እስከ መጨረሻዋ ጥሩ ጊዜ ፈጅታለች፤ ጥላው ከአግዳሚው አንድ ጫፍ ወደ ሌላው ሄዷል። ወደ አባቷ ዞረች፤ እንዲያመሰግናት እንደሆነ ወይም እንዲያስቆማት ከፊቷ አይታወቅም።

"ሌሊቱን ሙሉ እንዲህ ነው?" አለችው።

"መንጠቆው ይሮጣል፤ አይጠብቅሽም" አለ ላውረንቲኖ። መዋሸት ቢችል ደስ ባለው። "አሥራ አንድ ማለት ግማሽ ደቂቃ ነው።"

ኤልቪራ አሥራ አንዱን ዶሮዎች አየች። ወደ መጀመሪያዋ ተመለሰችና አወረደቻት፤ ደግማ ልትሰቅላት።